አባቴ በጣቱ የመረጠው ራዲያተር

ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ስል ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ማለቴ አይደለም፤ አሁን ግን ቢያንስ ችግሩን አውቀዋለሁ። ያኔ ቅልጥፍና ይመስለኝ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት መሥሪያ ቤት ቀያይሬአለሁ። የታክሲ ሰልፍ ከምጠብቅ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። ሰው ሲያወራኝ ዓረፍተ ነገሩን እኔው እጨርስለታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እሱ ሊል ያላሰበውን ነው የምጨርስለት። ጓደኞቼ "ሂሩት ስትመጣ መሄጃዋን አስባ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ተጀምሮ እሁድ አለቀ።

አባቴ አቶ ግርማቸው ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን የቀረነው እሱና እኔ፣ እንዲሁም ፊያት ሚሌ ቼንቶዋ ነበርን። ይህች መኪና እሱ በወጣትነቱ የገዛት የመጀመሪያ መኪናው ናት። ጠባብ አፍንጫ፣ ክብ ዓይን፣ ወፍራም ላሜራ ያላት፣ የዛሬ መኪኖች አጠገቧ ሲቆሙ ቆርቆሮ የሚመስሉባት ዓይነት ናት። ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል። "ሙዚየም አናድርጋት፤ አዲስ ሞተር እናስገባባትና ትሩጥ" ብዬ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። ከአንድ የቆመ ኮሮላ የወጣ ሞተር ተገኘ። መካኒኩ ሞተሩን ገጠመ፣ ካምቢዮውን አስማማ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ከመሪው በስተግራ አንዲት ትንሽ ክብ የሙቀት መለኪያ ሰቀለባት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ራዲያተር። የድሮዋ ራዲያተር ያንን ጉልበተኛ ሞተር ማቀዝቀዝ አትችልም፤ የኮሮላው ራዲያተር ደግሞ በዚያች ጠባብ አፍንጫ ውስጥ አይገባም።

"ቀስ ብለን እንመርጣለን" አለ አባቴ። ቀስ ብለን ስንመርጥ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።

ከዚያ የሰፈሩ መነሻ ደረሰ። ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ ዛሬ ቆሞ ያየነው ቤት ነገ የድንጋይ ክምር ሆኖ ይጠብቀናል። የእኛንም ግቢ እሁድ እስከ ስድስት ሰዓት እንድናስረክብ ተነገረን። የደረሰን ቤት ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ስለ መኪናዋ ለመጠየቅ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ደወልኩ።

"እህቴ፣ ግቢያችን በሞቱ መኪኖች ተሞልቶ ልጆች መጫወቻ አጡ" አሉኝ። "በራሱ ሞተር ተነድቶ ያልገባ መኪና አናስገባም። በስብሰባ ተወስኗል።"

"ተጎትታ ትምጣና እዚያ እናሠራታለን።"

"ሁሉም እንደሱ እያለ ነው ያስገባው።"

ስለዚህ እሁድ ጠዋት መኪናዋ በራሷ መውጣት አለባት፤ አለበለዚያ ለብረት ገዢ ትሄዳለች። ሰውዬው መጥቶ አይቷታል። ግቢው ውስጥ ቆራርጦ በኪሎ ሊጭናት ዝግጁ ነው።

ይህንን ለአባቴ ስነግረው ሰማኝና ወጥቶ ኮፈኗ ላይ መዳፉን አሳርፎ ትንሽ ቆመ። ሲመለስ እንዲህ አለ፤

"እዚህ ግቢ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ የማወጣትም እኔ ነኝ። እዚያ ካደረስኳት በኋላ ያንቺ ናት፤ እንደፈለግሽ አድርጊያት።"

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የሰው መኪና ነድቼ አውቃለሁ። የእሱን መሪ ግን አስነክቶኝ አያውቅም። ጥድፊያሽ ያስፈራኛል ይለኛል። ስለዚህ ያን ቀንም የታየኝ የተለመደው ግትርነቱ ነው፤ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባን። ሻጩ አንገቱ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ያንጠለጠለ ምላሰ ቅቤ ጎረምሳ ነው። ከመደርደሪያ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ራዲያተር አውርዶ ባንኮኒው ላይ አጋደመው።

"ይሄውልሽ፣ ፉል አሉሚኒየም። ሬስ የሚወጡ መኪኖች የሚገጥሙት እሱን ነው። በቃ፣ ትገጥሚውና ትረሺዋለሽ።"

እኔ እዚያው ወደድኩት። ቦርሳዬን ስከፍት አባቴ እጁን አነሣና "ቆይ" አለኝ። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ክንፎቹን ከላይ ወደ ታች ዳሰሰ። ጠርዙን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። ጎኑን ይዞ በስንዝር ለካው።

"አባት፣ ይዩት እንጂ፤ ምን ይዳስሱታል?" አለው ሻጩ እየሳቀ።

"እያየሁት ነው" አለ አባቴ።

እኔም ሳቅኩ። ሽማግሌ ባለሙያ ነኝ ለማለት የሚያደርገው ቲያትር ነበር የመሰለኝ።

"ፉል አሉሚኒየም አልክ እንጂ ጎኑ ፕላስቲክ ነው" አለ አባቴ ቀና ብሎ። "ሲሞቅ ሁለቱ እኩል አይለጠጡም፤ መጋጠሚያው ላይ ያፈስሳል። ስፋቱ ደግሞ ከአፍንጫዋ አራት ጣት ይበልጣል።"

"አፍንጫዋን ቆርጠን እናሰፋዋለና" አልኩት።

"የማንን አፍንጫ ነው የምትቆርጪው?"

"አባዬ፣ ለእሁድ ሁለት ቀን ነው የቀረን!"

"ቄራ እንሂድ። ሙደሲር ዘንድ።"

ያኔውኑ ለአንድ የማውቀው ላሜራ ሠራተኛ ደወልኩለት። ለመቁረጥ ከሰኞ በፊት አልደርስም አለኝ። ወደ ቄራ የሄድኩት በአባቴ ምክንያት ተረትቼ እንዳይመስላችሁ፤ የላሜራ ሠራተኛው ለእሁድ ስለማይደርስልኝ ብቻ ነው።

ጋሽ ሙደሲር በቄራ አንድ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ራዲያተር ሲሠሩ የኖሩ፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አባቴን ከታክሲው ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። በሩ ላይ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ የጠገኑትን ራዲያተር እዚያ ውስጥ ነክረው አየር እየነፉበት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ካለ ያያሉ። ችግራችንን ሰምተው ከጀርባ አንድ የጠቆረ ከባድ ነገር ጎትተው አመጡ፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የመዳብ ራዲያተር ነው።

"ይሄንን በእሷ ልክ ቆርጬ፣ የራሷን የላይና የታች ታንክ በይጄበት እሰጥሃለሁ" አሉት አባቴን። "ከውጭ የሚታየው የራሷ ነው፤ ውስጡ ግን ሦስት ረድፍ ነው። ያንን ሞተር ይችለዋል።"

አባቴ አሁንም ዳሰሰ። ይህን ሲነካ ፊቱ ፈታ አለ። "ይሄ ነው" አለ።

"መቼ ይደርሳል?" አልኩ እኔ።

"ነገ ከሰዓት በፊት።"

"ዛሬ አይሆንም?"

"ዛሬ ብሰጥሽ ነገ ትመልሺልኛለሽ ልጄ።" ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። "እኔ ደግሞ ሥራዬን የማስረክበው እዚህ አይደለም። መኪናው ላይ ተገጥሞ፣ አብሬ ተሳፍሬ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲግል ካላየሁ ሥራዬ አለቀ አልልም።"

ቤት ስንመለስ ካርቶን እያሸግኩ፣ በትከሻዬ ስልክ ይዤ ዕቃችንን ሊጭን ከተስማማው የጭነት መኪና ሰውዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። አባቴ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ሂሩት፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ። አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ስለ ራዲያተሩ ከሆነ አለቀ አባዬ፤ ያልከው ሆኗል" አልኩትና ካርቶኑን ተሸክሜ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ሙደሲር ራዲያተሩን በጆንያ ጠቅልለው፣ በታክሲ ይዘውት መጡ። ልክክ ብሎ ገባ። ሆን ብዬ እንከን ብፈልግለትም አላገኘሁም። አባቴ ግን ከላይ ከሞተሩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ራሴ ካልገጠምኩ አለ። ቱቦውን የምታጠብቀውን የብረት ማሰሪያ፣ ፋሼታዋን፣ በእጁ ፈልጎ ያዘና ካቻቪቴውን ወደ ብሎኗ ሰደደ። ካቻቪቴው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተበት። ጋሽ ሙደሲር "ላጥብቅልህ?" አሉት። "ተወኝ" አላቸው። እኔ በዚያን ሰዓት አሥር እርምጃ ያህል ርቄ፣ እሁድ የሚመጣው የጭነት መኪና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በስልክ እየጮህኩ ነበር።

ውሃ ሞላንና ቁልፉን አዞረ። ያ ሞተር ሲነሣ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። ቀድሜ ከፊት ገባሁ፤ ጋሽ ሙደሲር ከኋላ ተቀመጡ፤ አባቴ መሪውን ያዘ። እስከ ቄራ ወርደን ተመልሰን እንድንወጣ ተስማማን፤ መውረዱ አይፈትናትም፣ መውጣቱ ነው የሚፈትናት አሉ ጋሽ ሙደሲር።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያየናል፤ ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፉልናል። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስናልፍ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተሳለመ። ቄራ ደርሰን ስናዞር አፍንጫውን ቀሰር አደረገ።

"የሆነ ነገር ይሸታል" አለ።

"አባዬ፣ ቄራ ነን እኮ! ምን ይሽተት ነበር?"

ጋሽ ሙደሲር ሳቁ። እሱም ሳቀ። "ቀስቷ ደህና ናት?" አልኩት፤ መለኪያዋ ከመሪው በስተግራ ስለሆነች ከእኔ ቦታ አትታይም። "ደህና ናት" አለኝ። ስልኬ ጮኸ፤ የጭነት መኪናው ሰውዬ ነው። መስቀል አደባባይ እስክንደርስ ከእሱ ጋር ስከራከር ነበር።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን ዳገት ያዝን። የሞተሩ ድምፅ መጎርነን ጀመረ። "ቀስቷስ?" አሉ ጋሽ ሙደሲር ከኋላ። "ደህና ናት" አለ አባቴ፤ ሁለቱንም እጁን መሪው ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ሳያዛውር፣ ፊት ለፊት ብቻ እያየ።

ዳገቱን ጨርሰን ሰፈራችን ስንደርስ ወደ ግራ ፍሬቻ አበራና አጠፈ።

ችግሩ፣ እዚያ ጋ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ የለም። ድሮ ነበረ። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ከትምህርት ቤት የተመለስኩበት፣ እሱ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ የገባ የወጣበት መንገድ ነው። አሁን በቦታው ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ወዲያ የብስክሌት መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ የተተከለ አበባ ነው ያለው። አበባውን ደግሞ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን በጎማ ቱቦ ታጠጣለች።

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ።

ጎማው ጠርዙን ዘለለ። ሴትየዋ ዘወር ስትል ፊቷን አየሁት፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። አባቴ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው መሰለኝ፣ ግንባሬ መስታወቱን ነካ። መኪናዋ ስትቆም ፓራውልቷና የሴትየዋ ቀሚስ መሃል አንድ ስንዝር አይሞላም። ቱቦዋ ከእጇ ወድቆ ውሃው መስታወታችን ላይ ይረጫል። በዚያው ቅጽበት ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡፍ ብሎ ወጣ።

"አባት! ዓይንዎት የት ነው?" ብላ ጮኸች ሴትየዋ።

እኔ ወረድኩ፤ ወርጄ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። የምጽፈው ይበቃል። "ገድለሃት ነበር!" አልኩት። "ሰው ገድለህ ነበር! ሁልጊዜ እኔ ያልኩት ካልሆነ ትላለህ! ያንን የቄራ ቅራቅንቦ ካልገጠምኩ ብለህ! ይኸው፣ ፈላች! መኪናዋንም አንተው ገደልካት!" መንገደኛው ተሰበሰበ። ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጄን ስሰድ ጋሽ ሙደሲር አንጓዬን ጨምድደው ያዙኝ።

"ፊትሽን ትፈልጊዋለሽ?" አሉኝ። "ያ ውሃ ተከፍቶለት ቢወጣ ቆዳሽን ገፍፎ ነው የሚሄደው። ሂጂና ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቂ። እስኪበርድ አንነካውም።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ደግ ሰው ኖራ፣ ድንጋጤዋ ሲለቃት የራሷን የውሃ ቱቦ ለራዲያተሩ መሙያ ትታልን ሄደች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ለእኔ ሃያ ደቂቃ መቆም ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬአችኋለሁ። መኪናዋን እዞራለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ እንደገና እዞራለሁ። አባቴ ከመኪናው አልወረደም፤ መሪውን እንደያዘ ነው።

ጋሽ ሙደሲር በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ፈተሹ።

"ራዲያተሩ ደህና ነው" አሉ። "አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ፋሼታዋ ናት። ብሎኗ ጫፍ ብቻ ነው የያዘችው፤ ውሃው ከዚህ እየተንጠባጠበ መንገድ ላይ አለቀ።" ከዚያ ወደ አባቴ መስኮት ሄዱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ። "ግርማቸው፣ ቀስቷ ቀይ ላይ ስትደርስ ለምን አላቆምክም?"

"አላየኋትም።"

"እዚህ አጠገብህ ሆና?"

አባቴ በሩን ከፍቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ጠርዙን በእግሩ ፈልጎ አገኘና ተቀመጠበት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"የግራ ዓይኔ ከጠፋች ዓመት አልፏታል" አለ። "ቀኟ ፊት ለፊት ያለውን ታሳየኛለች። ግራ ቀኝ የለም፤ በቱቦ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ቀስቷን ልፈልግ ዝቅ ስል መንገዱ ይጠፋብኛል። መንገዱን ሳይ ቀስቷን አጣታለሁ። መንገዱን መረጥኩ።"

"መንገዱንስ የታለ ያየኸው?" አልኩት። ድምፄ አሁንም ጩኸት ነበር።

"መንገዱን አውቀው ነበር ልጄ። ካዛንቺስን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳታለሁ እል የለ? እውነቴን ነው። ግን የማውቀው መንገድ ተነሥቷል።"

ጋሽ ሙደሲር ዞር ብለው የመኪናዋን አፍንጫ በጨርቅ መወልወል ጀመሩ፤ መወልወል የሚያስፈልጋት ሆና አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ "እያየሁት ነው" ያለው፣ ካቻቪቴው የተንሸራተተበት፣ "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ያለው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። "እና ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ነበር" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "መጀመሪያ የትንሣኤ ዕለት። ምሳ በልተን፣ ሂሩት ስልሽ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብለሽ ወጣሽ። ሁለተኛ አሞሽ የተኛሽ ጊዜ። አሁንስ ከአልጋ አትነሣም ብዬ መጣሁ፤ ቃሉ አፌ ላይ እንዳለ ስልክሽን አንሥተሽ ማውራት ጀመርሽ። ሦስተኛ ትናንት ነው።"

ትናንትን አስታወስኩ። ካርቶኑንም፣ በአጠገቡ አልፌ መውጣቴንም።

አፈርኩ። ከዚያ ቀን በፊት አፍሬ አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ፤ እንደዚያ ያለውን ግን አላውቀውም ነበር። እግሬ መሄድ ፈለገ፤ የለመደው እሱን ነው። ሄጄ ውሃ ልሙላ፣ ሄጄ ለሰውዬው ልደውል፣ ሄጄ ብቻ። እንደምንም ብዬ ጠርዙ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። እሱም ትከሻዬን በእጁ ፈልጎ አገኘና ያዘኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየሁም።

በኋላ ጋሽ ሙደሲር ፋሼታዋን አጥብቀው ውሃውን ሲሞሉ፣ አባቴ ከኪሱ ቁልፉን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"አልችልም" አልኩት። "እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"የሚንቀጠቀጥ እጅ አይጣደፍም" አለና ከጎን ባለው ወንበር ገባ።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከግቢው ወጣን። ብረት ገዢው ከራሱ የጭነት መኪና ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዳይመጣ ልደውልለት ረስቼዋለሁ። ስናልፍ እጁን አውለበለበልን። አባቴ የመቀመጫውን ጠርዝ ይዞ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ነው። "አሁን ሦስተኛ አስገቢ" ይለኛል፤ አስገባለሁ። "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ" ይለኛል፤ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። በየመንገዱ የሚታየውን ይጠይቀኛል። እዚህ ጋ አንድ ዳቦ ቤት ነበር፣ አለ? ፈርሷል አባዬ። የቆምንበት መብራት አጠገብ ትልቅ ዛፍ ነበር? እሱ አለ። እየሄድን ከተማውን እንዳለ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ዝግ ብዬ ነድቼም አውርቼም አላውቅም። ሦስት ረድፉ መዳብ ሥራውን ይሠራል፤ ቀስቷ ከመሃል ፈቀቅ አላለችም።

ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሰብሳቢው ራሳቸው ወጡ። መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ሞተሩን አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥበቃው መዝገቡን ይዞ "ሹፌር ማን ልበል?" ሲል ወደ አባቴ አየሁ። አባቴ "ጠይቃት" አለ፤ "እኔ ተሳፋሪ ነኝ።"

ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግላኮማ ነው አሉን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችው ቀኝ ዓይን ግን በመድኃኒት ልትቆይ ትችላለች። "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ..." ብለው ሐኪሟ ጀምረው ተዉት። እኔ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ጨረስኩት፤ በዚህኛው አልተሳሳትኩም።

አንባቢዎቼ፣ ይህንን የምጽፈው ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ ላሳያችሁ አይደለም፤ እንደዚያ እንዳልሆንኩ አንብባችኋል። ለአንድ ራዲያተር ከሥራ ቀርቼ፣ ከሜክሲኮ እስከ ቄራ ዞሬ፣ ተከራክሬ፣ መዳብና አሉሚኒየም አመዛዝኜ መርጫለሁ። አባቴ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ግን የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነበር። ያችን ሁለት ደቂቃ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አጣሁለት። በእናንተም ቤት "እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ" ወይም "እስቲ ትንሽ ቁጭ በል" የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ። ምናልባት የሚነግራችሁ ተራ ወሬ ይሆናል። ይሁን።

አሁን ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግለታለሁ። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ከተደረገ በኋላ ሁለተኛው እስኪደረግ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እኔም አብሬው እቀመጣለሁ፤ ስልኬን ሌላ ክፍል እተወዋለሁ። አንዳንዴ ያወራኛል፣ አንዳንዴ ዝም እንላለን። መጀመሪያ ሰሞን አምስቷ ደቂቃ ቀን ትሆንብኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አንዳንዴ እግሬ ይቁነጠነጣል።

ባለፈው ሳምንት ዓይኑን እንደጨፈነ "አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ።"

"ጎኔ ስትቀመጪ እኮ አላይሽም። ፊት ለፊቴ ሁኚ።"

ወንበሬን አዙሬ ጉልበቴ ጉልበቱን እስኪነካ ቀርቤ ተቀመጥኩ። ደቂቃው ሲሞላ ዓይኑን ገለጠ። ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ።

"ፀጉርሽን መቼ ተቆረጥሽው?" አለኝ።

ከተቆረጥኩት ስምንት ወር ሆኖኛል።